«በጸሎታችሁ አስቡን» ያልኩ ዕለት

መምህር ስለ ሰው ጉዳይ ሲናገር አንደበቱ ርቱዕ ነው። ስለ ፈረንሳይ ገበሬ መራብ፣ ስለ እንግሊዝ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ መበደል ጠይቁት፤ ደወል ቢደወልም አያቆምም። ስለ ራሱ ሆድ ጠይቁት እስቲ። መጀመሪያ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ከዚያ በመስኮት አሻግሮ ዳሞታ ተራራን ያያል። ከዚያ «እንግዲህ አንዳንድ ሁኔታዎች…» ብሎ ይጀምርና ሁኔታዎቹ የት እንደደረሱ ሳይነግራችሁ ይወጣል። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባላል። እኔ ይህችን በቅሎ ሳስባት ሁልጊዜ ጠመኔ ይዛ ነው የምትታየኝ።

ሌላውን እያማሁ አይደለም፤ እኔም አስተማሪ ነኝ። ሶዶ ከተማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። የአውሮፓ ሠራተኞች ሥራ ያቆሙባቸውን ምክንያቶች በየዓመቱ በፈተና እጠይቃለሁ። «ዘርዝሩ» ነው የምለው። ሳይዘረዝር የቀረ ተማሪ ማርክ አጥቶብኛል። የዘንድሮውን ካየሁ በኋላ ግን የእነዚያን ልጆች ማርክ መመለስ ይገባኝ እንደሆነ አስባለሁ፤ መዘርዘር ለካ ከባድ ነው።

ዘንድሮ ደመወዛችን መንገድ ላይ ቀረ። «ከላይ ተለቅቋል» ይባላል። ከላይ የተለቀቀ ነገር መቼም ወደ ታች መውረዱ አይቀርም ብለን ጠበቅን። ዝናቡ ወረደ፣ ጭጋጉም ከዳሞታ ወረደ፤ ደመወዙ ብቻ እዚያው ቀረ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። በመጨረሻ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ተሰበሰብንና ሥራ እናቁም የሚለው ሐሳብ ያለ አንዳች ተቃውሞ አለፈ።

የተጣላነው በስሙ ነው። አንዱ «አድማ» የምትለዋን ቃል ገና ሲያወጣት ሁላችንም ወደ በሩ ዞርን። በሩ ዝግ ነበር፤ ቢሆንም ተነሥቶ ያረጋገጠ አልጠፋም። ያቺን ቃል ማንም እንዳይደግማት ተስማማን። ከብዙ ክርክር በኋላ የእንቅስቃሴያችን ሙሉ ስም «ለጊዜው ወደ ክፍል ያለመግባት ሁኔታ» እንዲሆን ተወሰነ። ይህም አልበቃንም፤ ከሥራ ቀሩ እንዳንባል ጠዋት ጠዋት በሰዓቱ እየመጣን እንድንፈርምና ግቢው ውስጥ ካለው የአቮካዶ ዛፍ ሥር እንድንቀመጥ ተባለ። አድመኛው ሁሉ ቀድሞ ተገኝቶ፣ ተሰልፎ የሚፈርምበት አድማ ሌላ አገር ይኑር አይኑር የታሪክ መምህር ሆኜም አላውቅም። ከነገሩ ጦም እደሩ ተብለን ያደግን ልጆች ስለሆንን ነገሩን ሳንነካ ጦሙን ጀመርን። አልፎ አልፎ አንድ አቮካዶ ይወድቃል። ከላይ የሚለቀቅልን እርሱ ብቻ ነበር።

አንድ ነገር ቀረ፤ ለተማሪዎቹ ማን ይንገራቸው? እያንዳንዱ መምህር ወደ ክፍሉ ገብቶ፣ ያቺን ቃል ሳይጠራ፣ በየሙያው ያስረዳ ተባለ። የፊዚክስ መምህራችን «በዕረፍት ላይ ያለ አካል የውጭ ኃይል ካላረፈበት በዕረፍቱ ይቀጥላል» ብሎ ወጣ፤ ተማሪዎቹ ደብተራቸው ላይ ጻፉት። የሒሳብ መምህሩ ማቴዎስ፣ የቦምቤ ሰው ነው፣ በቤተ ክርስቲያኑም ሽማግሌ፣ «እኩልታው ውስጥ ያልታወቀ ነገር አለ፤ እስኪታወቅ ድረስ መቀጠል አንችልም» አላቸው። መልሱ ከመጽሐፉ ጀርባ ይኖር እንደሆነ ጠየቁት። የእንግሊዝኛው መምህር ግን ከሁላችንም ደፋር ነበር። አድማ ላይ መሆናችንን፣ ምክንያቱንም ጭምር፣ አንድም ነገር ሳይሸሽግ በእንግሊዝኛ ነገራቸው። ስለዚህ ምስጢሩ አልወጣም።

የእኔ ተራ ደረሰ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የአንዱ ሴክሽን ሆም ሩም ነኝ፤ ብሔራዊ ፈተና የሚጠብቃቸው ልጆች ናቸው። ከፊት ወንበር ላይ ማርታ ትቀመጣለች። ማርታ የሁምቦ ልጅ ናት። ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ከከተማው ዳር አንዲት ክፍል ተከራይተው ይማራሉ። ከቤት የበቆሎ ዱቄትና የበርበሬ ዳጣ በጠርሙስ ይላክላታል፤ ዝናብ የጠፋ ጊዜ ዳጣው ብቻ ይመጣል። አጎቷ ሐዋሳ ላይ በአንድ ምግብ ቤት የሳሕን አጣቢነት ሥራ አግኝቶላት ነበር። አባቷ ትሂድ ሲሉ እናቷ ይህን ዓመት ትጨርስ ብለው ስለተሟገቱ ነው የቀረችው። ስምምነቱ ግልጽ ነበር፤ ትምህርት እስካለ ድረስ ሶዶ ትቆያለች፣ ትምህርት ከቆመ ሐዋሳ ትሄዳለች። ይህን ራሷ ነግራኛለች። ሆም ሩም መሆን አንዳንዴ የማይፈልጉትን ሁሉ ማወቅ ነው።

እኔ ገና አፌን ሳልከፍት እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ትምህርት አለ ወይስ የለም? ካለ እቆያለሁ። ከሌለ ቤት እየጠበቁኝ ነው» አለች።

ከዚህ የቀለለ ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም። መልሱ አንድ ቃል ነው። እኔ ግን ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ዳሞታን አየሁ፤ እንደተለመደው ቦታው ላይ ነበር። ከዚያ «እንግዲህ እኛ መምህራን አንድ ጉዳይ ገጥሞናል። በጸሎታችሁ አስቡን» አልኩና ወጣሁ።

እዚህ ላይ ስለ እኔ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አያቴ ከሰሜን በጸሐፊነት ተመድበው መጥተው እዚሁ ሶዶ የቀሩ ኦርቶዶክስ ናቸው። በእኛ ቤት «በጸሎትህ አስበኝ» ማለት ደኅና ዋል እንደ ማለት ነው። የተባለውም ሰው «አንተም አስበኝ» ይላል፣ ሁለቱም በየመንገዳቸው ይሄዳሉ፣ ጥግ ሳይታጠፉም ይረሱታል። የእኛ ተማሪ ግን አብዛኛው ፕሮቴስታንት ነው፤ በፕሮቴስታንት ፊት ይህን ቃል በዋዛ አይጥሉትም። እነርሱ ዘንድ ይህ የጸሎት ርእስ ይባላል። የጸሎት ርእስ ከተሰጠ ደግሞ ሥራ ተሰጠ ማለት ነው። ተራ ይይዙለታል፣ ይጾሙለታል፣ መንገድ ላይ ሲያገኟችሁም «እንዴት ሆነ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሶዶ ተወልጄ ሶዶ ሸብቼ ይህን መዘንጋቴ ይገርመኛል።

በማግሥቱ አቮካዶው ሥር እንደተቀመጥን ከክፍሎቹ ንብ የገባበት ቀፎ የመሰለ ድምፅ ተሰማ። ሄጄ በመስኮት ባይ የእኔ ክፍል ግጥም ብሎ ሞልቷል። ደንብ ልብሳቸውን ለብሰው፣ በየወንበራቸው ተቀምጠው፣ አንገታቸውን ደፍተው ይጸልያሉ። ፊት ለፊት ማርታ ቆማ ትመራለች። በቤተ ክርስቲያኗ የመዘምራን መሪ መሆኗን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ክፍለ ጊዜውን ሳይቀር ጠብቀዋል፤ በሒሳብ ሰዓት ስለ ሒሳብ መምህሩ፣ በጂኦግራፊ ሰዓት ስለ ጂኦግራፊው። ደወል ሲደወል «አሜን» ብለው ርእስ ይቀይራሉ። እስከ ቀትር ሌሎቹም ክፍሎች ሰምተው ጀመሩ። በአስተማሪነት ዘመኔ ከሰጠኋቸው የቤት ሥራዎች ሁሉ ማንም ሳይቀር የሠራው ይህንኑ ብቻ ነው።

ነገሩ አላማረኝም። ማቴዎስን ጠጋ አልኩና ወንድሜ፣ ሽማግሌ ነህና ሄደህ ወደ ቤታችሁ ሂዱ በላቸው አልኩት። ጸሎት አቁሙ እንድል ነው የምትፈልገው? አለኝ። ታዲያ የጸሎት ርእሱን የሰጠኸው አንተ አይደለህ፣ አንተው ሂድና አስቁማቸው አለኝ። እኔ? የእኔ ቢጤ ኦርቶዶክስ ገብቶ እዚህ ከተማ ውስጥ ጸሎት አቁሙ ቢል፣ ወሬው ገበያ እስኪደርስ ምን አክሎ እንደሚደርስ እግዜር ይወቀው። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

በኋላ ማርታ ራሷ ወደ ዛፉ መጣች። እጇን ወደ ኋላ አድርጋ፣ በትሕትና፣ ቲቸር ማቴዎስ የእርስዎ ክፍለ ጊዜ ደርሷል፣ ስለ እርስዎ ልንጸልይ ነውና ቢገኙልን አለች። ማቴዎስ አንዴ እኛን አየ፣ አንዴ እሷን አየ። ለሚጸልይልኝ ሰው ጀርባዬን አልሰጥም ብሎ ተነሣ። እርሱ ከገባ በኋላ እምቢ ማለት ለማን ይቻላል? የፊዚክሱ ገባ፣ የውጭ ኃይል አርፎበት መሆን አለበት። የእንግሊዝኛው ገባ። እኔም በሰዓቴ ገብቼ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ተቀመጥኩና አንገቴን ደፋሁ። ሳምንቱ ሳያልቅ ለጊዜው ወደ ክፍል ያለመግባት ሁኔታችን አበቃ። እንፈርማለን፣ በየክፍለ ጊዜያችን እንገባለን፣ በደወል እንወጣለን። የቀረን ማስተማር ብቻ ነበር።

በዚህ መሀል ከትምህርት ቢሮ ሱፐርቫይዘሩ መጣ። ሥራ አቁመዋል የሚል ወሬ ሰምቶ ነው የመጣው። በኮሪደሩ በጫማው ጫፍ እየተራመደ በየመስኮቱ አየ። ፊቱ ሲፈካ ይታየኛል። በየክፍሉ መምህር አለ፣ ተማሪው ሞልቷል፣ ያን ሰዓት የሚጸልዩት በልባቸው ስለነበር ኮሽታ የለም። እንዲህ ያለ ጸጥታ በማስተማር ቀን አይተን ስለማናውቅ አልፈርድበትም። እኔም የሆነው ይሁን ብዬ ተከተልኩትና፣ ጌታዬ የሚያዩት ትምህርት አይደለም፣ እኛ ሥራ አቁመናል አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ዛሬ ፈርመዋል? አለኝ። ፈርሜአለሁ አልኩ። ክፍል ገብተዋል? ገብቻለሁ። ተማሪዎቹ ነበሩ? ሞልተው። እስከ ደወሉ ቆይተዋል? ቆይቻለሁ። ታዲያ ያቆሙት ምኑን ነው? አለኝ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገና፣ መምህር ትሕትና ጥሩ ነው፣ ሥራን መደበቅ ግን አይገባም ብሎኝ ሄደ። ያለመከፈላችንን ጉዳይ ሳነሣበት ቢሮ የሚያውቀው ሥራ ያቆሙ ሰዎችን አቤቱታ ነው፣ እናንተ ደግሞ ሥራ ላይ ናችሁ አለኝ። ይህን ሲለኝ እንባዬ መጣ። የሳቅም አልነበረም፣ የልቅሶም አልነበረም።

የገበያ ዕለት የማርታ እናት ከሁምቦ መጡ። አማርኛ ለእርሳቸው የገበያ ቋንቋ ስለሆነ ሴት ልጃቸውን «እሱ» ነው የሚሏት። በራፉ ላይ ጠብቀውኝ ሁለት እጃቸውን ዘረጉልኝ። «ጋሼ፣ ሰው ትምህርት ቆሟል አለ። አባቱ ሂጂ አምጪው፣ ሐዋሳ ይሄዳል አለ። እኔ መጣሁ፣ በመስኮት አየሁ። ልጄ ተቀምጧል። አንተም ፊቱ ተቀምጠሃል። ሰው ውሸት ነው ያወራ። እግዚአብሔር ይባርክህ» አሉኝ። ከመቀነታቸው ሥር ማንጎ አወጡና በእጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

ምን ልበላቸው? እውነቱን ብነግራቸው ልጅቷን ዛሬውኑ ይዘው ይሄዳሉ። ዝም ብል ደግሞ እኚህ እናት ከባላቸው ጋር የሚሟገቱት ለዚህ ባዶ ክፍለ ጊዜ ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ዝም አልኩ። እሳቸው ደስ ብሏቸው ሄዱ። ማንጎውን ቤቴ ወስጄ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ያን ሁሉ ጊዜ የተከፈለኝ እርሱ ብቻ ነበር፤ ያልሠራሁበት ስለሆነ ግን አልበላልህ አለኝ። አፈርኩ። በሃምሳ ዓመቴ፣ በአንድ ማንጎ ፊት ቁጭ ብዬ አፈርኩ።

በማግሥቱ በክፍለ ጊዜዬ ገባሁ። ጸሎቱ አልቆ «አሜን» ሲባል ማርታን ለመሆኑ ስለ ምን ስትጸልዩልን ሰነበታችሁ? አልኳት። ስለ ዕርቃችሁ ነው ቲቸር አለችኝ። የምን ዕርቅ? አልኩ። ዛፉ ሥር አብራችሁ ተቀምጣችሁ አትነጋገሩም፤ ስለዚህ እርስ በርስ የተጣላችሁ መስሎናል አለች። ከኋላ ወንበር አንዱ ደግሞ ከእናንተ አንዳችሁ ኃጢአት ላይ ወድቋል የሚልም ነበር ብሎ ጨመረ። ማን እንደሆነ ስላላወቁ እንዳይሳሳቱ ብለው ለሁላችንም ንስሐ ለምነውልናል። ስለ ደመወዙስ አልኩ። ክፍሉ በሙሉ ቀና ብሎ አየኝ። ስለ ምን ደመወዝ ቲቸር? አለችኝ ማርታ።

አያችሁልኝ? ያ ሁሉ ጾም፣ ያ ሁሉ ልመና ወደ ላይ ሲወጣ ሰንብቶ የተጠየቀው ሌላ ነገር ነው። ፈጣሪ ምን ያድርግ? እርስ በርሳችን ታርቀናል፤ ጸሎታቸው ተሰምቷል ማለት ነው። በሰማይም በምድርም ጉዳያችንን በስሙ ጠርቶ ያመለከተ አንድም ሰው አልነበረም።

ያን ጊዜ ተነሣሁ። በሩን አላየሁም፣ ዳሞታንም አላየሁም። ደመወዝ አልተከፈለንም፣ ስለዚህ አድማ ላይ ነን አልኳቸው። ቃሏ ከአፌ ስትወጣ ጣሪያው የሚወርድ መስሎኝ ነበር፤ ምንም አልሆነም። ማርታ እጇን አወጣች። «ታዲያ ትምህርት የለም ማለት ነው?» አለች። የለም አልኳት። እስከ መቼ? አላውቅም፣ በቅርብ የሚጀመር አይመስለኝም አልኳት። እያየኋት ጭንቅ ስላለኝ ታሪኩን እንኳ ቤቴ እየመጣሽ ላስተምርሽ እችላለሁ ብዬ ጨመርኩ። «ሒሳቡስ?» አለችኝ። እሷም ደብተሮቿን አንድ ላይ አድርጋ አሰረች። «እሺ ቲቸር። ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ» አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ወንበሯ ባዶ ሆነ። አብራት የምትኖረውን ጓደኛዋን ጠየቅኋት። ቅዳሜ ሁምቦ ሄደች፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ዘመረች፣ ከዚያ አጎቷ መጥቶ ወሰዳት አለችኝ። «የተረፈውን ዱቄት ለእኔ ተወችልኝ» አለች። ሌሎቹ ግን መምጣቱን አልተዉም። አብዛኞቹ የከተማ ልጆች ናቸው፤ ቤታቸው ቅርብ ነው፣ የሚጠብቃቸው ሳሕንም የለም። እውነቱን ካወቁ ወዲህ የጸሎት ርእሱን አስተካክለዋል። እስካሁን መልስ አልመጣም፤ ዘግይተው ስለጠየቁ ይሆናል። እኛም በየክፍለ ጊዜያችን እንገባለን።

ባለፈው ሱፐርቫይዘሩ ተመልሶ መጣ። ባንዲራው ሥር ተሰለፍን። ለትምህርት ቤቱ በመስታወት የተለበጠ የምስክር ወረቀት አምጥቶልናል፤ ርእሰ መምህሩ በሁለት እጁ ተቀበለ። ሱፐርቫይዘሩም ንግግር አደረገ። እዚህ ሥራ ቆሟል እየተባለ የሚወራው ፍጹም ሐሰት መሆኑን በዓይኔ አረጋግጫለሁ አለ። መምህራኑ በቦታቸው ናቸው፣ ተማሪዎቹ በቦታቸው ናቸው አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ቅር ያሰኘው ነገር እንዳለ ተናገረ። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አንዲት ተማሪ ያለ በቂ ምክንያት ትምህርቷን ማቆሟን ደርሼበታለሁ፣ እንዲህ ያለውን ነገር በቸልታ ማለፍ አይገባም፣ የሆም ሩም መምህሯም ቢመክራት ኖሮ አትቀርም ነበር አለ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚለው ተረት እስከ ጉሮሮዬ መጥቶ ተመለሰ። ማቴዎስ መሬት መሬቱን ያያል። የእንግሊዝኛው መምህር በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አጉረመረመ።

አጨበጨብን። እንግዲህ በይፋ፣ በባንዲራ ሥር እንደተነገረው ከሆነ፣ በትምህርት ቤታችን ዘንድሮ አድማ የመታ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሷም ሐዋሳ ሳሕን እያጠበች ነው።